ከዘራው የሚመታው ወለል

በዓረብ አገር፣ ከበሳቲን ወደ ብሬቃ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ሁለት ሴራሚክ አንጣፊዎች ከኋላዬ ተቀምጠው በአማርኛ ያወራሉ። አንደኛው ጎልማሳ ነው፤ ሌላው እሱ ጋሽ ኢብሮ የሚለው ሽማግሌ።

«ጋሽ ኢብሮ፣ ሙሀንዲሱ እኮ ያነጠፍኩትን ወለል አይቶ ኸላስ፣ አልቋል ብሏል።»

«ታዲያ ምን ያቁነጠንጥሃል?»

«የቤቱ ጌታ አባት ዛሬ ይገባሉ።»

«ይግቡዋ!»

«ዓይነ ስውር ናቸው። ወለሉን በከዘራ እየመቱ ነው የሚሄዱት።»

«ባዶ ድምፅ የሚሰጥ አለ እንዴ?»

«ከበሩ እስከ መስገጃቸው ድረስ፣ ወላሂ፣ እንደ ከበሮ ነው።»

«የሲሚንቶ ሞልታውን እንዴት አድርገህ ነው ያስቀመጥከው?»

«በየሴራሚኩ አራት ጥግ ላይ አንዳንድ እፍኝ፣ መሀል ላይ አንድ።»

«እሱማ ሥሩ ባዶ ሆኖ ይቀራል! ሙሉውን ቀብተህ በጎማ መዶሻ ትመታዋለህ እንጂ። ወለሉንስ ውሃ አጠጥተኸዋል?»

«የውሃ ቦቴው ቀረብኝ። በዚያ ሙቀት ዝም ብዬ አነጠፍኩት።»

«ደረቅ ወለል የሞልታውን ውሃ ይመጥና አይያያዝም። ይህን ሳታውቅ ቀርተህ ነው?»

«ቸኩዬ ነው።»

አንድ ተሳፋሪ ለመውረድ የመኪናውን ጣሪያ አንኳኳ።

«ያ ረብ!» አለ ጎልማሳው ደንግጦ።

«ሰውየው ነው፣ ሊወርድ። በል ንገራቸውና ነቅለህ ድገመው፤ ሌላ መላ የለውም።»

«ምን ብዬ ልንገራቸው? ትናንት እጄን ይዘው ዱዓ አደረጉልኝ። ‹ልጄ፣ እኔ ስለማላይ አንተን አምኛለሁ› አሉኝ።»



መውረጃዬ ሲደርስ ጣሪያውን ላንኳኳ ያነሳሁትን እጄን፣ የጎልማሳው ድንጋጤ ትዝ ብሎኝ፣ መልሼ አወረድኩት፤ መኪናውም አሳልፎኝ ሄደ።