ለአርባ ቀን መንገድ የተሰናዳች መኪና

ግቢ፣ ግቢ እህትዓለም። ለልጅሽ ሰርግ ያዘዝሽው ቀሚስ ደርሷል፤ የቀረው ጫፉን ማጠፍ ብቻ ነው። በርጩማው ላይ አቁሜ ብለካልሽ ጥሩ ነበር፤ ግን በርጩማዬ ሥራ ቀይሯል፣ አሁን የመኪና መወጣጫ ሆኗል። እንግዲህ መሬቱ ላይ ቁሚ፣ እኔ እንበረከካለሁ። ታዲያ ዝም ብለሽ ነው… ካወራሽ ትነቃነቂያለሽ፣ መርፌውም ይወጋሻል። ወሬውን ለእኔ ተዪው። መስኮቱን? ለነፋስ ነው የከፈትኩት። ግቢው ውስጥ መኪና ስር ተጋድሞ ሁለት እግሩ ብቻ የሚታየው ሰውዬ ስለኛ ወሬ ምን ገዶት? መፍቻውን እያንኳኳ ነው፣ አይሰማም።

እኔ መቼም የሰው ስም አላነሣም። ግን ባለሙያ ሲገኝ ማድነቅ ነውር ነው እንዴ? አንድ የማውቀው ሰው አለ… ጡረታ እንደወጣ አንዲት አሮጌ መኪና ገዝቶ፣ "በረሃ የምታቋርጥ አደርጋታለሁ" ብሎ ተነሣ። እጁ ወርቅ ነው! መካኒክ አያስነካም፣ ጋራዥ አይወስድም፤ ሁሉንም እዚያው ግቢው ውስጥ። ስትገባ ዝቅ ያለች ጨዋ መኪና ነበረች። ጎማዋን በትልልቅ ቀየረ፣ ሞላዋን አስረዘመ፣ ጣሪያዋ ላይ ፖርቶመጋላ ሰቀለ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ደግሞ የሚዘረጋ ድንኳን። ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ አለች። አሁን ሳያት አንገቴን ያመኛል። ከገባች ጀምሮ ከግቢ ወጥታ አታውቅም፤ እንዲህ ያለች ቤቷን የምትወድ መኪና የት ይገኛል?

ውስጧንስ አይተሻል? ሁለት ባትሪ፣ ሶላር፣ ፍሪጅ፣ መቶ ሊትር ውሃ፣ ሻወር! አዎ፣ ሻወር። ቤት ውስጥ ደግሞ… ባልዲ አለን፣ ተመስገን። የወጥ ቤቱ ቧንቧ መንጠባጠብ ከጀመረ ከርሟል፤ ግን ምን ያስቸኩላል? ወጥ ቤቱ የትም አይሄድ። መብራት ሲጠፋ እኔ በሻማ መርፌ ስፈልግ እሷ እንደ ሆቴል ቦግ ብላ ታበራለች። "ለአርባ ቀን ከማንም ምንም አትፈልግም" ይላል ሰውዬው። እውነቱን ነው። ራሱን የቻለ ሰው ደስ አይልም? ካልሲው የት እንዳለ ብቻ ነው የማያውቀው። ባለፈው ድንኳኑን ሊሞክር ወጥቶ ተጋደመ… ትራስ ረሳና ተጣራ። ብርድ ልብስ ረሳና ተጣራ። ቀጥሎ ሻይ አማረው። በረሃው ላይ ማንን እንደሚጣራ እንጃ፤ ድምፁ ግን ጥሩ ነው፣ ሩቅ ይሰማል።

አትሳቂ አላልኩሽም? ተወጋሽ አይደል?

ነገሩ እኮ በፍቅር ነው የተጀመረው። ልጃችን ከበረሃው ማዶ ሆና ስትወልድ፣ አውቶቡስ ልሳፈር ሻንጣዬን ሳነሣ፣ "አይሆንም፣ አውቶቡስ ወገብሽን ይጨርስሻል፤ አንድ ወር ብቻ ታገሺኝ፣ በገዛ መኪናችን እንደ ንግሥት እወስድሻለሁ" አለኝ። አላት ማለቴ ነው… ያችን የማውቃትን ሴት። እንዲህ የሚሳሳላት ባል ያላት ስንቷ ናት? ሕፃኗ ጥርስ ስታወጣ ጎማው ተቀየረ። ስትድህ ሞላው መጣ። ቆማ ስትሄድ ድንኳኑ ተሰቀለ። አሁን ሦስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት በስልክ ምን አለችኝ መሰለሽ? "አያቴ፣ አንቺ ስልክ ውስጥ ነው የምትኖሪው?" ሳቅኩላት። ስልኩን ዘግቼ መቀሱን ሳነሣ ግን የሰው ጨርቅ በማይሆን ቦታ ቆረጥኩ፤ በዚህ ሁሉ የሥራ ዘመኔ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። ናፈቀችኝ፣ እህትዓለም። አንድ ቀን እንኳ አቅፌያት አላውቅም እኮ!

እሺ… ዙሪልኝ።

ደግሞ ደስ የሚል ወሬ አለ። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ጉዞ ነው ተብሏል! ካርታው ተሳሏል፤ ወንዙ የሚሻገርበት፣ አሸዋው የሚታለፍበት፣ ያልታሰበበት ነገር የለም። እኔ ደግሞ የልብስ ሰፊ ነገር፣ መለካት አመል ሆኖብኝ፣ ትናንት ሰውዬው ብሎን ሊገዛ ሲወጣ ሜትሬን አንገቴ ላይ አድርጌ ወደ ግቢ ወጣሁ። መኪናዋን ከነድንኳኗ ለካኋት። ከዚያ ያንን በገዛ እጁ የሠራውን የግቢያችንን በር፣ ከመሬቱ እስከ ላይኛው ኮንክሪት ድረስ ለካሁት። ኮንክሪቱን አይተሽዋል? ወይ ፍንክች! እሱ የሠራው ነገር መቼም አይፈርስም። ቁጥሮቹን ደብተሬ ላይ ጽፌያቸዋለሁ። የጠየቀኝ ሰው የለም… ልብስ ሰፊ ስለ መኪና ምን ታውቃለች?

መፍቻው ዝም አለ፣ ሰማሽ? ደክሞት ይሆናል።

ለማንኛውም እኔ ነገ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ። አንድ ወንበር ይዣለሁ፣ በመስኮት በኩል። ወገቤ? ወገቤማ ሦስት ዓመት ሙሉ አርፏል። የሰውዬውን ልብስ አጥቤ፣ አጥፌ አስቀምጫለሁ፤ ካልሲው ከላይ ነው። ቀድሜ ደርሼ የልጅ ልጄን ታቅፌ፣ "ትልቅ መኪና ይዞ የሚመጣ አያት አለሽ" እያልኩ እጠብቀዋለሁ።

በቃ፣ ጨረስኩ። ቀሚስሽ ልክክ ብሏል፤ እንኳን ለበር ለአዳራሽ ያምራል። ነይ እንግዲህ፣ ሰውዬው መንገደኛ ነውና ሳልሄድ አብረን እንመርቀው። አሸዋው ይጠንክርለት፣ ወንዙ ይጉደልለት፣ ጎማውን እሾህ አይንካበት። ልፋቱን ሁሉ ያየ አምላክ፣ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ድረስ… የግቢያችንን በር አንድ ስንዝር ከፍ ያድርግለት!

አሜን በይ እንጂ።