ወደ ደመና የሚወጡት ሰዎች

ጠጋ በሉ ልጆቼ። ናይሮቢ ዝናቡ አልለቅ ብሎ፣ እኛ ባለንበት ካሳራኒ ሰፈር ደመናው ጣሪያችንን ሊነካ ደርሶ ነበር። ልጄ ሄለን ጫማዋን እያሰረች ከሥራ ባልደረባዋ ጋር በስልክ ታወራለች። «ዛሬ የቀሩትን ሰዎች ሁሉ ወደ ደመና እናወጣቸዋለን፤ ከዚያ የታችኛው ይዘጋል፣ መመለስ የለም። ጋሽ ተፈራ ፈሩ? እኔ ትናንት ወጥቻለሁ፣ ምንም አያምም በላቸው!» ስትል ክው ብዬ ቀረሁ። ሰው ሰማይ አወጣለሁ የሚል ሐሰተኛ ነቢይ እጅ ገባችብኝ ብዬ በሩን ቆልፌ ቁልፉን ጉያዬ ሸጎጥኩት።

«እማዬ፣ የማታቱ ታክሲው ያመልጠኛል!»

«ያምልጥሽ! የቱ ነቢይ ነው ያሳተሽ? ሬሳሽን ከየት ላንሳ?» እንባዬ ይወርዳል።

መጀመሪያ ሳቀች፤ እንባዬን ስታይ ግን አቀፈችኝ። «ሰዎቹን አይደለም እኮ እማዬ! የመሥሪያ ቤቱን ሠራተኞች ስልክና መልእክት ነው። ቢሮ ካለው ማሽን አውጥተን ወደ ኢንተርኔት እናዛውረዋለን፣ ማሽኑ ይዘጋል፤ እሱን ነው ደመና የሚሉት።»

ቁልፉን ሰጠኋት። እዚያው የሚሠሩት ጋሽ ተፈራም ተዛወሩ፣ ደህና ናቸው። ሄለንም ሥራዋ ላይ ናት። እኔ ግን ዛሬም ሰማዩ ሲጠቁር እደውልላታለሁ።

«ምድር ላይ ነሽ?»

«ነኝ፣ እማዬ።»