መርዶ ነጋሪ የሌለበት ከተማ

ከጀሞ ወደ ሀይሌ ጋርመንት በሚሄደው ታክሲ፣ ከኋላዬ የተቀመጠች ወጣት አጠገቧ ያሉትን ጥቁር የለበሱ እናት ታናግራለች።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት እናቴ። ማን ሞቶብዎት ነው?»

«ባለቤቴ። ኖርዌይ ያለችው ልጃችን ግን እስካሁን አልሰማችም።»

«ውይ! ለምን?»

«ማን ያርዳት? ከባሏና ከልጆቿ ጋር ከገባች ገና ዓመቷ ነው። በከተማው ሌላ አበሻ የለም።»

«ባልየውስ?»

«ነግረነዋል። ‹ብቻዬን እንዴት ላርዳት? ራሷን ብትስት ማን ይይዝልኛል?› ይላል።»

«ኧረ ምን ዓይነት ወንድ ነው!»

«አትፍረጂበት ልጄ። መርዶ የአንድ ሰው ሥራ ነው እንዴ?»

«ጎረቤትስ የላቸውም?»

«አላቸው። ከመኪናው ሆኖ እጁን አውለብልቦ ያልፋል። ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩቶ አብሯት የሚያለቅስ ነው የሌለው።»

«ታዲያ ስትደውል ምን ይሏታል?»

«አባትሽ ጸበል ሄዷል እላታለሁ። ጥቁሩን እንዳታይብኝ ደግሞ ካሜራው ተበላሽቷል አልኳት።»

ስልካቸው ጠራ።

«ወዬ የኔ እናት... ደህና ነን። አባትሽማ እየተሻለው ነው... ልጆቹ አንድ ላይ እየተኙ፣ አያታቸው ሲመጣ የሚያርፍበት ክፍል ለቀቁለት? ጎሽ፣ እነግረዋለሁ።»

ለቡ ላይ መውረድ ነበረብኝ፤ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ አልፌው ሄድኩ።