ስግደት ቆጣሪው ልጅ

እንዴት ከረሙ፣ እትየ ንግሥቴ? ይቀመጡ፣ ይቀመጡ… ወንበሩ አንድ እግሩን ያነክሳል እንጂ ሰው አይጥልም። ዝናቡ ዘንድሮ ቀደም አለ መሰለኝ፤ ከፍኖተ ሰላም እስከዚህ እስከ ማንኩሳ ማሳው ሁሉ ታርሶ አየሁ። የእርስዎስ የበቆሎ መሬት ታረሰ? ደግ፣ ደግ።

እናቴ አሁን ገና እንቅልፍ ወሰዳት፤ ዳሌዋ ሌሊቱን ሲጠዘጥዛት ነው ያደረ። ድምፄን ዝቅ ላድርግና ስለ አንድ ሰው ላጫውትዎ። ስሙን አልጠራም፤ ሐሜት ኃጢአት ነው። ብቻ የተማረ ነው፤ መጽሐፍ ከእጁ አይለይም፤ ሌላው ሲናገር ሰዋስው ያርማል። ያውቁታል… ዛሬ ጠዋት ፂሙን የላጨሁት እኔው ነኝ።

ይህ ሰው እናቱን ሲወድ! በባጃጅ የግማሽ ሰዓት መንገድ ትርቀዋለች፤ ታዲያ ይህን ውቅያኖስ በየሳምንቱ እንዴት ይሻገረው? ሥራ አለው፣ ስብሰባ አለው… አስቦ አስቦ ስልክ ገዛላት። ተራ ስልክ እንዳይመስልዎ፤ የሰውን መውደቅ ከአካሉ እንቅስቃሴ ለይቶ ያውቃል፤ እናት ስትወድቅ የልጅ ስልክ ይጮኻል። በትንሽ ከረጢት አድርጎ ከማተቧ ጎን አንጠለጠለላት። «ከእንግዲህ ብትወድቂ እኔ አውቃለሁ» አላት። ከዚህ በላይ ልጅ አለ?

ዐቢይ ጾም ገባ። በመጀመሪያው ሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ስልኩ ጮኸ፤ ደግሞ ጮኸ፤ ደግሞ… ሊቃችን የጫማውን ግራና ቀኝ ሳይለይ ተጫምቶ በረረ። ሲደርስ እናቱ እየሰገደች ነው! «ልጄ፣ ማን ሞተ?» አለችው። ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብቦ፣ እናቱ በጾም እንደምትሰግድ ግን ማን ይንገረው? እርሷን ጠይቆ ያውቃል?

አስተዋይ ሰው አይደል፣ የስልኩን ድምፅ አጠፋው። ስልኩ የሚቆጥርለትን የስግደቷን ቁጥር ግን እያየ ይኮራ ነበር። የሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ጠዋት «ወድቀዋል» የሚል መልእክት ሲመጣ፣ ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ አሳያቸው፦ «እዩ፣ እናቴ ስግደት ጀመረች።» አይናለም የምትባለው ባልደረባው ቆየት ብላ «አንድ ጊዜ ብቻ ሰግደው ቆሙ እንዴ?» አለችው። ወይ አለማወቋ! «ደክሟት ይሆናል» ብሎ አስረዳት።

እርስዎ ደግሞ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ኋላ ቀር ነዎት። ስልክዎ ጨለማ ከማብራት በቀር ምን ያውቃል? ቤተ ክርስቲያን ቆመው፣ ከጎንዎ ያለው የእናቲቱ ቦታ ባዶ መሆኑን አይተው ብቻ፣ ስግደትዎን አቋርጠው መጡ። በባዶ ቦታ! ይህም ማስረጃ ሆኖ?

ከጓሮ፣ ከውኃው ጄሪካን አጠገብ ወድቃ አገኟት። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት… «መንገደኛው ሁሉ በአጥሩ ጥግ ሲያልፍ ምነው አልተጣሩ?» ሲሏት ምን ነበር ያለችዎ? እርስዎው ነዎት የነገሩኝ። «ልጄ ያውቃል፤ በመንገድ ላይ ነው፤ ሰው ለምን አስቸግራለሁ?»

ሰው ሲታመን እንዲህ ነው! አሁንም ለጠያቂው ሁሉ «ስልኩ ተበላሽቶበት ነው እንጂ ልጄማ ባወቀ…» ትላለች። ያ ሰውም አጠገቧ ቁጭ ብሎ ይሰማታል። አላረማትም። የሰውን ሰዋስው የሚያርመው ሰው…

አይነሡ፣ አይነሡ፤ ሳይሄዱ አብረን እንመርቀው። የማቱሳላን ዕድሜ ይስጠው። ጸጉሩ ይሸብት፣ ምርኩዝ ለመያዝ ያብቃው። ልክ እንደ እርሱ ያለ፣ የተማረ፣ አባቱን የሚወድ ልጅ ይስጠው። በወደቀም ዕለት ልጁ ስልኩን ተመልክቶ «አባቴ እየጸለየ ነው» ብሎ ደስ ይበለው።

ምነው፣ እትየ? … አሜን ይበሉ እንጂ።