ወፍ የበላት ቢኩራ

ማታንያ ከወይን ቦታው ሲመለስ፣ አጎቱ ኢዮኤዜር ከበለሳቸው ሥር ቆመው ሲያኝኩ እጅ ከፍንጅ ያዛቸው። ጢማቸው ላይ ያለው የበለስ ማር ገና አልደረቀም።

«አጎቴ! በሏት?»

«ምኗን?»

«ቢኩራዋን ነዋ! የዓመቱን የመጀመሪያ በለስ! ነገ መንደሩ በሙሉ በኩራቱን ይዞ ወደ ኢየሩሳሌም ሊወጣ፣ እርስዎ ያኝካሉ?»

«ወፍ ልትበላት ስትል ቀደምኳት።»

«አምና ወፍ፣ ካቻምና ወፍ! ኧረ ይቺን ወፍ እግዜር ይይላት! ብቅ ስትል የበኩራት ምልክት እንዲሆን ይሰሩባት ብዬ የሰጠሁዎት ቄጠማስ?»

ሽማግሌው በአገጫቸው ወደ ፍየሏ አመለከቱ። ቄጠማው አንገቷ ላይ ነበር።

ማታንያ ድንጋይ ላይ ዘፍ አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ አጎቱ በኩራት አልሰጡም፤ መንደርተኛውም «ስስታሙ ኢዮኤዜር» ማለት ጀምሯል። ይህ ስም አንጀቱን ያሳርረው ነበር።

«እስቲ ይስሙኝ። ቢኩራ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ቀድማ የምትበስል በለስ። ይህን ለማወቅ መምህር እግር ሥር መቀመጥ አያሻም።»

«የበጋዎቹ ይወፍራሉ፣ ይበዛሉም። እሷ ግን ከአምናው ቅርንጫፍ፣ ሌላው ሁሉ ጥሬ ሳለ ትደርሳለች። ፈጣሪ አባቶቻችንን በበረሃ ሲያገኛቸው እንደ እሷ ደስ አሰኙት ይባላል። ያያት ሁሉ ስለሚጎመጅባት ነው የምትታሰረው። ጠግቦ የተረፈውን መስጠትማ ማን ያቅተዋል? እምነት ማለት አፍ ምራቅ እየሞላ የመጀመሪያዋን መስጠት ነው!»

«ጨረስክ?»

«አልጨረስኩም!»

«እንግዲያው ቀጥል፤ እኔ ፍየሌን ላጠጣ።»

የተማረ ሰው ክፉ አመሉ ይኸው ነው፤ ያልተጠየቀውን ሲመልስ ይውላል። ማታንያ ብው አለ።

«ታዲያ ለምንድን ነው የማይወጡት? ስስት ነው? ይንገሩኝና ልረፍ!»

«ማንበብ አልችልማ!» ሽማግሌው ጮኹ፤ ወዲያው ድምፃቸው ወረደ። «መጨረሻ የወጣሁ ጊዜ፣ ቅርጫቴን ተሸክሜ ከመሠዊያው ፊት የበኩራቱን ቃል ከመጽሐፉ በል ተባልኩ። የሚያውቁት ራሳቸው አሉት። እኔን ካህኑ እንደ ሕፃን ሲያስብለኝ ከኋላዬ ሳቁ። የልጅ ልጅ የሚሆኑኝ ሳቁብኝ፣ ልጄ። ከዚያስ ወፍ ትብላት።»

ማታንያ አፈረ። ይህን ሁሉ ሲሰብክ አንዴም አልጠየቃቸውም ነበር።

«ዘንድሮ ሥርዓቱ ተለውጧል፣ አጎቴ። ካህኑ ለሁሉም ያነባል፤ የተማረውም ያልተማረውም ተከትሎ ይላል።»

«ላንተም?»

«ለእኔም።»

«ብራና እንደ ቂጣ ለምትገምጠው ላንተ?»

«አዎ፣ ለእኔ።»

ሽማግሌው ወደ በለሱ አንጋጠው አዩ። ከጫፉ ቅርንጫፍ ላይ ሌላ ቀድማ የለሰለሰች በለስ ተንጠልጥላለች።

«በል፣ ቄጠማውን ከፍየሏ ፍታልኝ» አሉ።

በዚያ ዓመት የቅርጫቱ ብዛት መንደሩን ራሱን አስገረመው፤ ለካ ወፍ የገባበት ቤት ብዙ ኖሯል! ሰውን ከደጅ የሚያስቀረው ሁልጊዜ ስስት አይደለም። አንዲት ሥርዓት ስትቃና ስንቱ አንገቱን ቀና አደረገ።

ከመሠዊያው ፊት ማታንያ ቅርጫቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆመ። ቃሉን ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ ያውቀዋልና ካህኑን ሊቀድም አፉን ከፈተ። አጎቱ ከኋላ ጎሰም አደረጉት።

«ቀስ በል ልጄ፤ ሲነበብልህ ተከተል።»