አባቴ በመድኃኒት መስጫው መስኮት

አባቴ ዕድሜውን በልብስ ስፌት ያሳለፈ ኩሩ ሰው ነው። የጤና መድን አባል ያደረግኩት በስንት ጭቅጭቅ ነው፤ «የሰው እርዳታ አልፈልግም» እያለ አስቸግሮኝ ነበር። በቀደም የደም ግፊት መድኃኒቱን ልናመጣ መካኒሳ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄድን። ከፊታችን የቆሙትን አንዲት እናት፣ መድኃኒት የምትሰጠው ልጅ «የእርስዎ መድኃኒት አልቋል» አለቻቸው። ሴትየዋ ነጠላቸውን አስተካክለው መውጣት ጀመሩ። አባቴ ተከተላቸው።

«እትዬ፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ቤቴ ነዋ። ከውጭ የምገዛበት አቅም የለኝም።»

«መድን የለዎትም?»

«አለኝ። ግን አልቋል አሉኝ እኮ።»

«እዚህ ከሌለ ማዘዣው ላይ ‹የለም› ብለው ማኅተም ይመቱልዎታል። ከዚያ ከመድኑ ጋር ውል ካለው መድኃኒት ቤት ሳይከፍሉ ይወስዳሉ።»

«ሳልከፍል? እንደ ለማኝ?»

«ምን ልመና አለው! ደህና ሳለን ሁላችንም አዋጥተናል፤ የታመመ ይታከምበታል። እርስዎ ያዋጡትም ስንቱን አሳክሟል።»

እኔ ለእሱ ስንት ጊዜ ያስረዳሁት ነገር ነው፤ እንዲህ አሳምሬ ግን ተናግሬው አላውቅም። ማዘዣቸውን ተቀብሎ ማኅተም አስመታላቸውና የራሱን ተራ ትቶ መድኃኒት ቤቱን ሊያሳያቸው አብሯቸው ወጣ። ከኋላዬ የቆሙ ሰውዬ «እኚህ ሰው እዚህ ነው የሚሠሩት?» ብለው ጠየቁኝ።

«አይ፣ አባቴ ነው!» አልኩ። ድምፄን ከፍ ሳላደርገው አልቀረሁም፤ ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየኝ።