ታኮ ሳይደረግላት የቆመችው መኪና

የምስክሯ መጠሪያ፦ “ቢጎዲን” (በሰፈሩ ሁሉ የምትታወቅበት ነው)
ዕድሜ፦ 36 (መጀመሪያ 32 ብላ በኋላ ራሷ ያረመችው)
ሥራ፦ ፀጉር ሠሪ
አድራሻ፦ ከልብስ ስፌት ቤቱ በላይ፣ አንደኛ ፎቅ፣ ከእህቷና ከእህቷ ባል ጋር
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ቦታ፦ እሁድ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በተራራው ግርጌ በሚገኘው የትራፊክ ፖሊስ ጣቢያ
ጉዳዩ፦ በተራራው ማለፊያ አናት ላይ በሻይ ቤት ንብረት ላይ ስለደረሰ የመኪና ግጭት

እኔ መጠሪያዬና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ምስክር፣ ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ እንድናገር ተነግሮኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

በዚህ ጉዳይ ከእኔ በፊት ሁለት ሰዎች ቃል ሰጥተዋል። አንደኛዋ ታላቅ እህቴ ናት። እትዬ ነው የምላት፤ ልብስ ሰፊ ናት። ሁለተኛው ባሏ ነው። ጋሼ እለዋለሁ፤ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። አነዳዱ እንቁላል የጫነ ስለሚመስል ተሳፋሪዎቹ “እንቁላል ጫኝ” ይሉታል። እትዬ “መኪናዋን ስነዳ የነበርኩት እኔ ነኝ” ብላለች። ጋሼም “ስነዳ የነበርኩት እኔ ነኝ” ብሏል። ሁለቱም እውነቱን አልተናገሩም። መኪናዋ መንቀሳቀስ ስትጀምር መሪው ላይ ማንም አልነበረም። ይህን የማውቀው በዚያ ሰዓት መኪናዋ ውስጥ የነበርኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው።

ለምን እንደዋሹ ተጠይቄ፣ እንደሚመስለኝ ጋሼ የዋሸው እትዬ መንጃ ፈቃድ ስለሌላት፣ እሷ እንዳትከሰስ ብሎ ነው። እትዬ ደግሞ የዋሸችው ጋሼ የሚኖረው በመንጃ ፈቃዱ ስለሆነና፣ ጥፋት ከተመዘገበበት ከአውቶቡሱ ስለሚያወርዱት ነው። ጥፋት ሲሻሙ ሳያቸው ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም። ቤት ውስጥ ብርጭቆ ሲሰበርም “እኔ ነኝ”፣ “የለም እኔ ነኝ” ሲባባሉ ነው የሚውሉት። አንዴ እንዲያውም ብርጭቆውን የሰበረችው ድመቷ ነበረች።

ወደ ተራራው ለምን እንደሄድን ተጠይቄ የሚከተለውን ተናግሬአለሁ። ጋሼ በዚህ መንገድ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ተመላልሷል። ሆኖም አናቱ ላይ አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም፤ አውቶቡስ እዚያ መቆም አይፈቀድለትም። እራት ላይ ግን የእሱ ወሬ ስለዚያ አናት ብቻ ነው። “ደመናው ከእግርሽ በታች ነው የሚሄደው፤ አንድ ቀን ወስጄ ካላሳየሁሽ” ይላታል። እሷ ደግሞ ክር በጥርሷ እየበጠሰች “እሺ፣ ይቺን ዚፕ ልትከልና” ትለዋለች። ዚፑም አላለቀ፣ ደመናውም አልታየ፣ እንዲህ እንዲህ ሲሉ ሁለቱም ሸበቱ። ባለፈው ወር ጋሼ ይህችን አሮጌ መኪና ሲገዛ ሰፈሩ ሁሉ ለሥራ ነው ብሎ ነበር። እኔ ግን ለምን እንደገዛት ገብቶኛል።

የመኪናዋ የእጅ ፍሬን ደካማ ነው። ስለዚህ ዳገት ላይ በቆመች ቁጥር ጎማዋ ሥር የእንጨት ታኮ ይሸጎጣል። ጋሼ ታኮ በእጁ ነክቶ አያውቅም። አውቶቡሱ ላይ የሚያደርገው ረዳቱ ነው፤ በእኛ መኪና ደግሞ የምታደርገው እትዬ ናት። እሱ ሞተር አጥፍቶ “ታኮ!” ሲል እሷ ቦርሳዋን እኔ ላይ ወርውራ ትወርዳለች። የሰፈር ሰው “ረዳቷ መጣች” እያለ ይስቅባታል። እሷም እንደ ረዳት እጇን ዘርግታ “ሂሳብ!” ትላቸዋለች።

ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ ከቤት ወጣን። ተራራ ነው የምንሄደው ተብዬ ሳለ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ ያደረግኩት ፎቶ እንነሳለን ስለተባለ ነው። ዳገቱን ስንጀምር ጋሼ በየኩርባው ጥሩምባ እየነፋ ቀስ ብሎ ይነዳ ነበር። የቀደመን መኪና ብቻ አይደለም፤ ብስክሌት የሚጋልብ ሰውም ቀድሞን እጁን አውለብልቦልናል። እትዬ “አንተ ሰውዬ፣ የምንደርሰው ዛሬ ነው ነገ?” አለችው። “አንቺን ጭኜ ልፍጠን?” አላት። እኔ ከኋላ “እኔስ አልተጫንኩም?” ስል ሁለቱም በአንድ አፍ “አንቺማ ሻንጣ ነሽ” አሉኝ። ከዚያ እትዬ ብርቱካን ልጣ አንዱን ለእሱ አጎረሰችው፣ እሱም ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ…

(ምስክሯ ወደ ጉዳዩ እንድትገባ ተነግሯታል።)

ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲሆን አናቱ ላይ ደረስን። መኪና የሚቆምበት ሜዳ ወደ ገደሉ ትንሽ ያዘቀዝቃል። በግራ በኩል ሻይ ቤት አለ፤ ፊት ለፊቱ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። ጋሼ መኪናዋን ፊቷን ወደ ገደሉ አድርጎ አቆመ፤ ማርሹን ፍሪ አድርጎ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። እትዬ እንደ ልማዷ ታኮውን ለማንሳት ወደ መቀመጫዋ ሥር ጎንበስ ስትል ጋሼ ክንዷን ያዛት። “ተይው፣ እኔ አደርገዋለሁ። ዛሬ ረዳት አይደለሽም፤ ዛሬ ተሳፋሪ ነሽ” አላት። ከዚያ ወርዶ፣ በመኪናዋ ፊት ዞሮ ሄዶ በሩን ከፈተላትና እጇን ይዞ አወረዳት። እሷ ሰው አይቶን ይሆን ብላ ግራ ቀኝ ተገላመጠች። ደመናው እውነትም ከታች ነበር፤ ሸለቆውን ሞልቶ ተኝቷል። እህቴ አፏ ውስጥ መርፌ ሳይኖር ዝም ስትል ያየኋት ያኔ ነው። ታኮው እዚያው መቀመጫዋ ሥር ቀረ።

ከዚያ ሁለቱ በእግር መንገዱ ከላይ ወዳለው ትልቅ ድንጋይ ወጡ። እኔ በጫማዬ ምክንያት ከኋላ ወንበር ላይ እግሬን ዘርግቼ ቀረሁ። በመስኮት አያቸው ነበር። ጋሼ የእሷን የእጅ ቦርሳ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በየመቶ እርምጃው ይቆማል፤ እግሩ ፔዳል ከመርገጥ በቀር ሥራ ለምዶ አያውቅም። እትዬ ከላይ ሆና “ና እንጂ! ተሳፋሪ እየጠበቀ ነው!” ስትለው እስከ እኔ ድረስ ይሰማል። ድንጋዩ ላይ ብዙ ተቀመጡ። ሲወርዱ የጫማዋ ማሰሪያ ተፈታ፤ እሱ ተንበርክኮ አሰረላት። አስሮም ለመነሳት እሷው ናት ጎትታ ያነሳችው።

5 ሰዓት ተኩል ገደማ ሜዳው ላይ ደርሰው ወደ መኪናዋ ሲመጡ፣ አንድ ጭነት የሞላ ከባድ መኪና በአጠገባችን አለፈ። መሬቱ ተንቀጠቀጠ። እኔ መጀመሪያ ሻይ ቤቱ የሚሄድ መሰለኝ። ወዲያው የምሄደው እኔ እንደሆንኩ ገባኝ። በሩን ልከፍት ብሞክር እምቢ አለኝ፤ የኋላው በር ከውስጥ አይከፈትም። “ጋሼ!” ብዬ ጮኽኩ።

ጋሼ ሮጦ መኪናዋና ገደሉ መሐል ገባ። ሁለት እጁን ኮፈኑ ላይ ተክሎ ይገፋት ጀመር። መኪናዋ ግን እሱን ይዛው ትሄዳለች፤ ጫማው ጠጠሩ ላይ ሲንሸራተት ይሰማኛል። እትዬ የሾፌሩን በር በርግዳ እየተንጠለጠለች ገባች። በሕይወቷ መሪ ጨብጣ አታውቅም። “የቱ ነው ፍሬኑ?” አለች። እሱ ከፊት ሆኖ “መሐለኛው! መሐለኛው!” ይላል። እሷም “ዞር በል አንተ! ልገድልህ ነው!” ትላለች። እሱ ዞር አላለም። ስለዚህ እሷ መሪውን በሙሉ ኃይሏ ወደ ግራ ጠመዘዘችው። መኪናዋ ጋሼን በጎኑ አልፋ፣ ወንበሮቹን ጨፍልቃ ሄደች፤ እትዬም መሐለኛውን ያገኘችው የሻይ ቤቱ ግድግዳ ጋ ስትደርስ ነው። አምስት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ተሰብሯል፤ ግድግዳውም ተሰንጥቋል። የጋሼ መዳፍ ከመላጡ በቀር በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም።

የሻይ ቤቷ ባለቤት በዚያ ሰዓት ከጓሮ ውኃ ትቀዳ ነበር። ድምፅ ሰምታ ስትወጣ ያየችው እትዬ ከሾፌሩ ወንበር ስትወርድ ነው። ስለዚህ ለፖሊስ ስትደውል “ሴትየዋ ናት የነዳችው” ማለቷ ውሸት አይደለም፤ ያየችው ከመጨረሻው ብቻ ነው። ለፖሊስ ከመደወሏ በፊት በተረፈው ወንበር ላይ አስቀምጣኝ ስኳር የበዛበት ሻይ እንደሰጠችኝም ይመዝገብልኝ።

እዚህ ጣቢያ ከመጣን በኋላ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር እኔ መሐል፣ እነሱ ግራና ቀኝ ተቀምጠን ነበር። እትዬ በግራ ጆሮዬ “እህቴ ናት የነዳችው በይ። እኔን ቢቀጡኝ መርፌዬን አይቀሙኝም፤ እሱን ግን መሪውን ከቀሙት ምን ይቀረዋል?” አለችኝ። ጋሼ በቀኝ ጆሮዬ “ጋሼ ነው የነዳው በይ። አንቺን ያወጣች ሴት ልትከሰስ አይገባም” አለኝ። ከዚያ በላዬ ላይ “አንተ ዝም በል”፣ “አንቺ ዝም በይ” መባባል ጀመሩ። እናታችን ካረፈች ጀምሮ ያሳደጉኝ እነሱ ናቸው። ፀጉር ቤቱን ስከፍት መስታወቱን በጀርባው ተሸክሞ ያመጣው ጋሼ ነው፤ መጋረጃውን የሰፋችው እትዬ ናት። ለአንዳቸው ስል አንዳቸውን አሳልፌ መስጠት ስላልቻልኩ የሆነውን ተናግሬአለሁ።

እትዬ መሪ የጨበጠችው እኔን ከገደል ለማውጣት ነው፤ ያለ መንጃ ፈቃድ ለሽርሽር አልነዳችም። መኪናዋን ያለ ታኮ ያቆማት ጋሼ ነው። ታኮውን ረሳ። ይህን ስል ጥፋቱ በእሱ ላይ እንደሚያርፍ፣ የአውቶቡሱ መሥሪያ ቤት የስምሪት ኃላፊም ይህን ወረቀት እንደሚያነቡት ተነግሮኝ አውቄ ነው የተናገርኩት።

ቃሌ ከተነበበልኝ በኋላ “ታኮውን ረሳ” የሚለው እንዲሰረዝልኝ ጠይቄ፣ የተነገረ ቃል እንደማይሰረዝ ተገልጾልኛል። እንግዲያው ከጎኑ አንድ ነገር እንዲጨመርልኝ ጠየቅኩ። መርማሪው “ግምት ከሆነ አይጻፍም፤ ያየሽው ከሆነ ይጻፋል” አሉኝ። ያየሁት ነው። መኪናዋ ውስጥ ሆኜ፣ በመስኮቱ፣ ከዚህ እስከ በሩ በሚሆን ርቀት ነው ያየሁት። የስምሪት ኃላፊው ወረቀቱን ሲያነቡ ይህንንም አብረው ያንብቡት፦ በሩን ከፍቶ ካወረዳት በኋላ እሷ ደመናውን ስታይ፣ እሱ ከሃያ ዓመት በላይ ሲያወራለት ወደኖረው ደመና አንዴም ዞር አላለም። ታኮውን የረሳው እሷን እያየ ነው።

ይህ ቃል ማንም ሳያስገድደኝ፣ ማንም ሳይመክረኝ (ሁለት ሰዎች መክረውኝ ነበር፤ አልሰማኋቸውም) የሰጠሁት ነው። ተነቦልኝ የእኔ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________

ማስታወሻ፦ “ታኮውን የረሳው እሷን እያየ ነው” የሚለው ዓረፍተ ነገር በምስክሯ ጥያቄ የተጨመረ ነው። መርማሪው ስለ ዕይታዋ መስቀለኛ ጥያቄ አቅርቦላት ቃሏን አልለወጠችም።